ዘመድ ለሌለው ዘመድ፦ እምነትና ባይተዋርነት በቡናው ምድር

ከቦንጋ እስከ ማጂ፣ ከቴፒ እስከ ሚዛን ተፈሪ በተዘረጋው የቡና አገር ባለአገሩና መጤው አጥር ተጋርተው ይኖራሉ። ቤንቹ፣ ሸኮው፣ ካፈቾው፣ ሸካቾው፣ ዲዚው፣ ሜኢኑ፣ መዠንገሩ እትብቱ የተቀበረው እዚያው ነው። አጥር ማዶ ያለው ጎረቤቱ ግን ቅድመ አያቱ ከምኒልክ የጦር አለቃ ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጋር ከሸዋ የዘመተ፣ ወይም አባቱ በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ ተጭኖ የመጣ፣ ወይም ራሱ ለአንድ ወቅት ቡና ለቀማ ብሎ ወርዶ በዚያው የቀረ ይሆናል። ከዚህ ምድር በገመድ ታስረው የተነዱና ሳይመለሱ የቀሩም አሉ፤ የእነሱ ስም በየትኛውም አጥር ውስጥ የለም።

ስለ ደቡብ ምዕራብ ሲወራ ደኑ፣ ቡናው፣ ማሩና ኮረሪማው ይቀድማሉ። እኔ ይህን አገር ባሰብኩ ቁጥር የሚመጣብኝ ብቻውን የቀረ ሰው ነው፤ ዘመድ የራቀው፣ ቋንቋው የማይሰማለት፣ ቢታመም ጠያቂ፣ ቢሞት ቀባሪ መኖሩን እርግጠኛ ያልሆነ ሰው። ይህ ሰው በየዘመኑ በክርስትና ውስጥ መጽናኛ ፈልጓል። አንዳንዴ አግኝቷል፣ አንዳንዴ በሩ ተዘግቶበታል። ያገኘበትን ጊዜ ከተዘጋበት ጊዜ ጋር ሳስተያይ የሚታየኝ ይህ ነው፦ እምነቱ የሚያጽናናው ከሰማዩ ተስፋ ጋር በስሙ የሚጠራው፣ ሬሳውን የሚሸከምለት ሰው ሲያመጣለት ነው። ይበልጥ የሚያጽናናው ደግሞ ያንን ተስፋ ይዞ የመጣው ሰው ራሱ ባይተዋርነትን የቀመሰ ሲሆን ነው።

ክርስትና ወደዚህ አካባቢ የደረሰው ብዙዎቻችን ከምናስበው ቀድሞ ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ አፄ ሠርፀ ድንግል የእናርያውን ንጉሥ በዳንቾን አስጠምቀዋል። ከጎጀብ ወንዝ ማዶ ባለው የካፋ መንግሥትም አብያተ ክርስቲያናት ነበሩ፤ በቦንጋ አካባቢ የባሃ ጊዮርጊስን አመሠራረት የአገሩ ሰው እስከዚያ ዘመን ድረስ ወስዶ ይተርከዋል። ከዚያ በኋላ መንገዱ ተዘጋ። ጦርነቱና የሕዝብ ፍልሰቱ የካፋን ክርስቲያኖች ከሰሜኑ ቤተ ክርስቲያን ቆረጣቸው። በኦርቶዶክስ ሥርዓት ክህነት የሚሰጠው ጳጳስ ነው፤ ጳጳሱ ያን ጊዜ ከእስክንድርያ ይመጣ ነበር፤ መንበሩ ለዓመታት ባዶ የሚቀርበትም ጊዜ ነበር። ካፋ ድረስ የሚዘልቅ ካህን ከየት ይምጣ? ያሉት ሲያልፉ የሚተካቸው ጠፋ። ቁርባን ቀረ፣ ኑዛዜ ቀረ፣ በሙታን ላይ የሚደረግ ፍትሐት ቀረ።

እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ የካቶሊክ ካፑቺን መነኮሳት ካፋ ሲደርሱ ግን ክርስቲያን ነን የሚሉ ቤተሰቦች አገኙ። ቄስ ሳይኖራቸው ጾሙን ይጾማሉ፣ በዓሉን ያከብራሉ። ትርጉሙን የሚያስረዳቸው የለም፤ ቀኑን ብቻ ከአባት ወርሰዋል። ይህን ታሪክ እንደ ጉድለት የሚያነብቡት አሉ። እኔ አልስማማም። ከእምነት ወንድሞቹ በስንት ቀን መንገድ የተለየ ሰው የሚይዘው ነገር ቢያጣ ቀኑን ይይዛል፤ የጊዮርጊስን ዕለት ሲያከብር በማያውቀው አገር ሌላ ሰው ያንኑ ዕለት እያከበረ መሆኑን ያምናል። ለትውልዶች በዚያ ብቻ ኖረዋል፤ ያጸናቸውም እሱ ነው።

ወደ ካፋ የገቡት መነኮሳት አለቃ እኛ አቡነ ማስያስ የምንላቸው ጣሊያናዊው ጉሊየልሞ ማሳያ ናቸው። ካፋ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1859 እስከ 1861 ቆይተው ተባረሩ። ከዚያም በሸዋ ምኒልክ ዘንድ ተቀመጡ፤ በ1879 በአፄ ዮሐንስ ትእዛዝ አገር ለቀው እንዲወጡ ሆነ። በዚያው ዓመት በካፋ ጎረቤት በጌራ ለብዙ ጊዜ የቆየው የሥራ ባልደረባቸው አባ ሌዮን ዴ ዛቫንሼ እዚያው ጌራ ውስጥ ሞተ። ማስያስ በኋላ ሠላሳ አምስቱን የስብከት ዓመታቸውን በ12 ቅጽ ጽፈዋል። በሕዝቡ ዘንድ ስማቸውን ያስጠራው ከስብከታቸው ይልቅ የፈንጣጣ ክትባታቸው ነበር። አንድ ባዕድ መነኩሴ የሰው ልጅ ክንድ ይዞ፣ እናትየው እያየች፣ ከሞት የሚያድን ጭረት ሲጭር ሁለቱም ወገን ለዚያች ደቂቃ ባይተዋርነታቸው ይቀልላል ብዬ አምናለሁ።

በ1889 ዓ.ም. ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ካፋ ላይ ዘመቱ። ለወራት ከተዋጋ በኋላ የመጨረሻው የካፋ ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ተያዘ፤ በሰንሰለት ታስሮ ወደ ሸዋ ተወሰደ፤ አገሩን ዳግመኛ አላየም። ሠራዊቱ በየከፍታው ሰፈረ፤ ከሠራዊቱ ጋር ታቦት መጣ። ለወታደሩ ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ከመንዝ ወይም ከቡልጋ የመጣ ሰው ዝናብ በማያባራበት ደን ውስጥ፣ ወባ እያንቀጠቀጠው፣ የማያውቀውን ቋንቋ እየሰማ ነው የኖረው። ጠዋት ደወል ሲሰማ፣ ቄሱ ሲያሳልሙት፣ ዳዊት የሚደግም ጎረቤት ሲያገኝ አገሩ ተከትሎት የመጣ ያህል ይሆንለታል። ዛሬም በዚያ አገር በየጉብታው ላይ በትልልቅ ዛፎች የተከበበው ደብር የዚያ ናፍቆት ሥራ ነው።

ለገባሩ ግን ያው ደወል ሌላ ድምፅ ነበረው። መሬቱን የተቀማው፣ ለመልከኛው የሚያርሰው፣ እንጨት የሚሸከመው ሰው እዚያው ደብር ተወስዶ ተጠመቀ፤ የክርስትና ስም ወጣለት። ከዚያ የከፋም መጣ። ቤንቹ የሚኖርበት የጊሚራና የማጂ አገር ለባሪያ ፈንጋይ ክፍት ሆነ። በ1904 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ በጊሚራ ባደረጉት ዘመቻ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ተነድቶ ወጣ። በ1910ዎቹ ዓ.ም. ማጂ ላይ የተቀመጠው የእንግሊዝ ቆንስል አርኖልድ ሆድሰንና ሄንሪ ዳርሊ የጻፏቸው መጻሕፍት ስለ ጠፍ መንደሮችና ስለ ተነዳ ሰው ያወራሉ። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን የባሪያ ንግዱን ለማጥፋት ቃል ገባች፤ ባርነት ሙሉ በሙሉ በሕግ የተሻረው ግን በ1934 ዓ.ም. ነው። ፈንጋዮቹ ብዙዎቹ ረቡዕና ዓርብን የሚጾሙ ሰዎች ነበሩ። ጾሙ እጃቸውን አልያዘውም። ይህን ሳይናገሩ ስለ እምነት አጽናኝነት መጻፍ በተነዱት ሰዎች ላይ ሌላ በደል መጨመር ነው።

ከተነዱት መካከል ታሪካቸው የደረሰን ጥቂቶች ናቸው። ከሁሉ የታወቀው በኢሉ አባቦር ሁሩሙ አካባቢ የተወለደው ሂካ ነው። አባቱ የሞተው እሱ ገና ሕፃን ሳለ ነው። ከእናቱ እጅ ተነጥቆ ከገበያ ገበያ ሲሸጥ ምጽዋ ደረሰ፤ እዚያ እ.ኤ.አ. በ1870 ቬርነር ሙንዚንገር ነጻ አወጣውና ለስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ሰጠው። በ1872 ፋሲካ ተጠመቀ፤ ኦነሲሞስ ተባለ። አዲስ ኪዳን ውስጥ ያለው ኦነሲሞስም ባሪያ ነበር፤ ስሙን ያወጡለት ሰዎች ይህን አያውቁም ነበር ማለት አይቻልም።

ኦነሲሞስ ከዚያ በኋላ አሥርተ ዓመታትን ወደ ትውልድ አካባቢው ለመመለስ ሲሞክር ኖረ። በጅማ በኩል ታሰበ፣ በሱዳን በኩል ተሞከረ፣ መንገዱ ሁሉ ተዘጋ። መሄድ ሲያቅተው ቁጭ ብሎ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መለሰ። አዲስ ኪዳኑ እ.ኤ.አ. በ1893፣ ሙሉው መጽሐፍ በ1899 ታተመ። በሥራው ከጎኑ የቆመችው አስቴር ጋኖ ናት። እሷም በሊሙ እናርያ ንጉሥ እጅ ባሪያ የሆነች፣ ወደ የመን ስትጫን በ1886 ጣሊያኖች ከመርከብ አስጥለው ምጽዋ አቅራቢያ ወዳለችው እምኩሉ የላኳት ልጅ ነበረች። ኦነሲሞስ በልጅነቱ ከአገሩ ስለወጣ ቋንቋው ሳስቶበት ነበር፤ አስቴር ግን ተረቱን፣ ዘፈኑን፣ እንቆቅልሹን በአእምሮዋ ይዛ መጥታለች። በ1894 የታተመው የንባብ መጽሐፍ ከእሷ ትዝታ የተቀዳ ብዙ ነገር አለበት።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እወዳለሁ። ቀይ ባሕር ዳር፣ ንዳድ በሆነ አገር፣ በልጅነታቸው ባሪያ የሆኑ ሁለት ሰዎች የእናታቸውን ቋንቋ ቃል በቃል ይሰበስባሉ። አንዱ ቃል ሲጠፋበት ሌላይቱ ታስታውሰዋለች። እግዚአብሔር በኦሮምኛ ሲናገር የሚሰማ ሰው በአጠገባቸው ጥቂት ነው፤ አንባቢዎቻቸው በሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ናቸው፤ ብዙዎቹም ማንበብ አይችሉም። እምነታቸው ከብቸኝነታቸው አላወጣቸውም። ብቸኝነታቸውን ግን ለሌላ ሰው የሚጠቅም ሥራ አደረጉት። ኦነሲሞስ ወለጋ የገባው እ.ኤ.አ. በ1904 ነው፤ በዚያው ሲያስተምር ኖሮ በ1931 ነቀምት ላይ አረፈ።

በዚያው በምዕራቡ የቡና አገር በደምቢ ዶሎ የጊዳዳ ሶለን ታሪክ አለ። ገና ልጅ ሳለ ፈንጣጣ ዓይኑን አጠፋው፤ ገበያ ዳር ቁጭ ብሎ የሚለምን ዓይነ ስውር ሆነ። በኋላ የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚስዮን ወደዚያው ወደ ሠዮ ሲመጣ ወንጌልን ሰማ፤ ቄስ ሆነ፤ ጣሊያን ሚስዮናውያኑን ሲያባርር ምእመናኑን ከሰበሰቡት አንዱ እሱ ነበር። ልጁ ነጋሶ ጊዳዳ ከ1987 እስከ 1994 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሬዚዳንት ነበሩ። እኔን ከዚህ ታሪክ የሚይዘኝ ከፕሬዚዳንቱ ይልቅ ገበያው ነው፤ በየሳምንቱ ብዙ ሕዝብ በሚያልፍበት ቦታ ተቀምጦ ማንም የማያወራው ልጅ።

ወደ ሚዛን ተፈሪና ማጂ ስንመለስ ትልቁ ለውጥ የመጣው ማንም ባልጠበቀው በኩል፣ ከወላይታ ነው። የሱዳን ውስጠ አገር ሚስዮን እ.ኤ.አ. በ1928 ወላይታ ሶዶ ገባ። ጣሊያን በ1937 ሚስዮናውያኑን ሲያስወጣ የተጠመቁት አማኞች ሃምሳ እንኳ አይሞሉም ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ አሥር ሺህ ገደማ ሆነው ጠበቋቸው። በአምስት ስድስት ዓመት ውስጥ፣ ያለ ፈረንጅ፣ በግርፋትና በእስራት መሐል። ከዚያ የወላይታ አጥቢያዎች ከመካከላቸው ወንጌላውያንን እየመረጡ፣ ከራሳቸው መባ ስንቅ እየቋጠሩ ወደ ሩቅ አገር መላክ ጀመሩ፤ ወደ ጎፋ፣ ወደ ኣሪ፣ ወደ ካፋ፣ ወደ ጊሚራ።

እነዚህ ሰዎች ጌቶች አልነበሩም። ወላይታ ራሱ በ1887 ዓ.ም. ተወግቶ፣ ንጉሡ ካዎ ጦና ተማርኮ፣ ሕዝቡ ገባር የሆነ አገር ነው። ወንጌላዊው ጭሰኛ ነው፣ ወይም የጭሰኛ ልጅ። ኦሞን የሚሻገረው በእግሩ ነው፤ መሣሪያ የለውም፣ ሥልጣን የለውም፣ በኋላው የሚቆም መልከኛ የለውም። ቤንች አገር ሲደርስ ቋንቋውን አያውቅም፤ በአስተርጓሚ ይጀምራል፤ ሰውየው ከሚኖርበት የማይሻል ጎጆ ይሠራል፤ እንሰትና ጎደሬ ይተክላል። መንግሥት በ1936 ዓ.ም. ባወጣው የሚስዮን ደንብ ማስተማሪያው አማርኛ እንዲሆን ታዝዞ ነበር፤ ወንጌላዊው ግን ከጎረቤቱ ጋር ተቀምጦ በጎረቤቱ ቋንቋ መጸለይ ተማረ። ከጊዜ በኋላ አዲስ ኪዳን በቤንችና በካፋ ቋንቋዎች ታተመ።

ቤንቹ ይህን ሰው ለምን አመነው? እኔ የማምነው መልስ ይህ ነው፦ በደጁ የቆመው ሰው ራሱ ብቸኛ ስለነበር ነው። ከደብሩ ጋር ጠመንጃ መጥቷል፤ ከዚህ ሰው ጋር የመጣችው ነፍሰ ጡር ሚስቱ ናት።

ስለነዚህ ሚስቶች የተጻፈው በጣም ጥቂት ነው፤ ይህ ያስቆጨኛል። ባልየው ቢያንስ ስብከቱ አለው፤ ከመንደር መንደር ይዞራል፣ ያወራል። እሷ ቤት ትቀራለች። ልጅ ስትወልድ እናቷ ከኦሞ ማዶ ናት። ገንፎ የሚያገነፋላት፣ ጀርባዋን በትኩስ ውኃ የሚያሽላት፣ የአራስ ቤት ጨዋታ የሚጫወትላት የላትም። ታዲያ በዚያች ሰዓት ደጃፏ ላይ የምትቆመው የቤንች ወይም የሸኮ ሴት ናት፤ ቅቤ በቅጠል ጠቅልላ፣ ቋንቋ ሳይገባቡ። የወንጌል ታሪክ ጸሐፊዎች ማን ማንን እንዳጠመቀ ይቆጥራሉ። በነዚህ ጎጆዎች ውስጥ ማን ማንን እንዳጽናና ቢጠየቅ መልሱ በአንድ ወገን ብቻ የሚቆም አይመስለኝም።

የማንጆዎችን ጉዳይ ሳላነሣ ባልፍ ጽሑፌ ይጎድላል። በካፋና በሸካ ማንጆ የሚባሉት አዳኝ የነበሩ፣ እንጨትና ከሰል የሚሸጡ ሰዎች ናቸው። ጉሬዛና የዱር አሳማ ይበላሉ ተብለው ከሰው ተገለሉ። ቤት አይገቡም ነበር፤ ምግብ ቢሰጣቸው በኮባ ቅጠል ነበር፤ መንገድ ላይ ሲገናኙ ዳር ይዘው ራቅ ብለው ሰላም ይሉ ነበር። በገዛ አገር፣ በገዛ ቋንቋ መሐል ባይተዋር መሆን ከስደተኛው ባይተዋርነት ይብሳል፤ ስደተኛው ቢያንስ የሚናፍቀው ቤት አለው። ካቶሊኩም ፕሮቴስታንቱም ሲመጡ ብዙ ማንጆዎች ወደነሱ ዞሩ። ስብከቱ ሁላችንም የአንድ አባት ልጆች ነን ይላል፤ ማንጆውም ቃሉን እንዳለ ወሰደው። አንዳንድ ቦታ ግን ማንጆው አግዳሚው ላይ ሲቀመጥ ጎረቤቱ ተነሥቶ ወጣ፤ አብሮ መጸለይ ይቻላል፣ አብሮ መብላት ግን አይሆንም የሚል ስምምነት በሹክሹክታ ተደረሰ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥም የተገፋ ሰው ወዴት ይሄዳል? ነገሩ ዛሬ ተሻሽሏል፤ አብረው የሚማሩ ልጆች አብረው ይበላሉ። ሆኖም አልቋል ማለት አይቻልም።

ደርግ ሲመጣ መጽናኛው ወደ ጓዳ ገባ። በ1955 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ መጋቢት 1969 ላይ ተወርሶ የአብዮቱ ድምፅ ሆነ። ሐምሌ 1971 ላይ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ታፍነው ተወሰዱ፤ መገደላቸው የታወቀው ከዓመታት በኋላ ነው። በደቡቡ ብዙ የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን አጥቢያዎች ተዘጉ። ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ ሰባት ዓመት ያህል ታስሮ የዘመራቸው መዝሙሮች በካሴት እየተቀዱ ከእጅ ወደ እጅ ዞሩ። ባትሪው እያለቀ ድምፁ የሚጎትት ቴፕ በዝቅታ ከፍቶ፣ በርና መስኮት ዘግቶ የሚሰማ ቤተሰብ ብቻውን እንዳልሆነ የሚያውቀው እዚያ ካሴት ላይ ባለው ድምፅ ነበር። ከእስር ቤት የመጣ ድምፅ መሆኑ ደግሞ ከማንኛውም ስብከት ይበልጥ ያጽናና ነበር።

በዚያው ዘመን የ1977 ድርቅ መጣ። መንግሥት ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ ምዕራቡና ደቡብ ምዕራቡ አሰፈረ፤ ካፋና ኢሉ አባቦር ከተቀበሉት ክፍለ ሀገሮች ነበሩ። ወዶ የሄደ አለ፤ እህል ሊቀበል በተሰለፈበት ተጭኖ የሄደም አለ። ባል በአንድ መኪና፣ ሚስት በሌላ መኪና ተጭነው የተለያዩ አሉ። ከደጋ የወረደ ገበሬ ወባና ቆላ ዝንብ ባለበት ደን ውስጥ ተራገፈ፤ ሬሳው ቶሎ ቶሎ ይወጣ ነበር።

ሰፋሪው ራሱን ያቆመበትን መንገድ ሳስብ ጽዋ ማኅበሩ ይቀድምብኛል። አሉላ ፓንክኸርስት በወለጋ ቄቶ ሸለቆ የሰፈሩ ወሎዬዎችን ኑሮ አጥንተው በጻፉት መጽሐፍ ሃይማኖታዊው ሕይወት በሰፈራ መንደር ውስጥ እንዴት እንደገና እንዳቆጠቆጠ ያሳያሉ። የማኅበር ሥርዓት ቀላል ነው፤ ጥበቡም እዚያ ላይ ነው። አሥራ ሁለት ወይም ከዚያ የሚበልጡ ሰዎች በአንድ ቅዱስ ስም ይማኅበራሉ፤ ሚካኤል ቢሆን በየወሩ በ12፣ ማርያም ብትሆን በ21። ወሩ የደረሰው ተረኛ ድፎ ይጋግራል፣ ጠላ ይጠምቃል፣ ንፍሮ ይቀቅላል። ቄሱ ይባርካሉ። ሙሴ የሚባለው የማኅበሩ አለቃ ማን እንደቀረ ይጠይቃል፤ የታመመ ካለ ከማዕዱ ድርሻው ተቆርሶ ይላክለታል፤ የተጣላ ካለ ሳይታረቅ ጽዋውን አይቀምስም። ከበር ላይ ነዳያን ዝክሩን ይቀምሳሉ። ሲያልቅ ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ለቀጣዩ ተረኛ ይሰጣል፤ እሱም አክብሮ ይዞት ወደ ቤቱ ይገባል።

አሁን አንድ የወሎ ሰው እናስብ፤ እናቱን በወሎው ቦረና ቀብሮ፣ ሁለት ልጆቹን በሰፈራ ጣቢያ አጥቶ የቀረ። ያንን ጽዋ ይዞ ጎጆው ሲገባ ወር ሙሉ የሚጠብቀው ነገር አለው፤ አሥራ አንድ ሰዎች በሚቀጥለው ወር ወደሱ ቤት እንደሚመጡ ያውቃል። ቤቱን ይጠርጋል። ጌሾ ይፈልጋል። ሐዘኑ አልወጣለትም፤ ግን እንግዳ ይቀበላል። በወሎ ሙስሊሞች መንደርም ጫት፣ ቡናና ዱዓው ይህንኑ ሥራ ሠርቷል፤ ከማኅበሩ ጀርባ ያለው ፍላጎት የክርስቲያን ብቻ አልነበረም።

ቡናን ካነሣን፣ ቤተ ክርስቲያን ለረጅም ዘመን ቡና መጠጣትን አትወድም ነበር። ይህ መላላት የጀመረው ከ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ወዲህ፣ ምኒልክ ራሳቸው ጠጪ ከሆኑ በኋላ ነው። ዛሬ በቡናው አገር ሐዘንተኛ የሚጠየቀው፣ አዲስ መጤ ጎረቤት የሚጠራው፣ የጸሎት ቡድን ሴቶች ከጸሎት በኋላ የሚቀመጡት በቡና ነው። ያ ሁሉ ክልከላ በመቅረቱ ደስ ይለኛል።

በበቃ ቡና እርሻ ከሚዛን ተፈሪ ሰላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደ 10 ሺህ ሄክታር ያቀፈ ነው፤ የቴፒውም በሺዎች ሄክታር የሚቆጠር ነው። ሁለቱም በደርግ ዘመን የመንግሥት እርሻ ሆነው ተስፋፉ። ቀዩ እሸት ሲደርስ ለቃሚ ከየአገሩ ይጎርፋል። ቀን ቀን በዝናብ እርጥብ ከሆነው ቅጠል ስር ቅርጫት በወገቡ አስሮ ይለቅማል፤ ማታ በሚዛን ይመዘንለታል፤ የሚከፈለው በኪሎ ነው። ከሚዛኑ በኋላ ያለው ሌሊት ረጅም ነው። እሑድ ጠዋት ጋቢውን ለብሶ ወደ ደብሩ የሚወጣው፣ መጽሐፍ ቅዱሱን በብብቱ ይዞ ወደ አዳራሹ የሚሄደው ብዙ ነው። ለስድስት ቀን ቁጥርና ኪሎ የነበረ ሰው በሰባተኛው ቀን ወንድም ተብሎ ይጠራል፣ ወይም ወለተ ማርያም ተብላ በክርስትና ስሟ ትቆርባለች።

የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ተማሪም ባይተዋር ነው። ዩኒቨርሲቲው በ1999 ዓ.ም. ሲከፈት ምደባው ከጎጃም፣ ከትግራይ፣ ከሐረር ልጅ ይዞ መጣ። ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ከአዲስ አበባ ርቀው፣ አንዳንዶቹ ከቤተሰብ ሲለዩ የመጀመሪያቸው ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የሚያገኛቸው ሰው ብዙ ጊዜ የኦርቶዶክስ ተማሪዎች ግቢ ጉባኤ ልጅ ወይም የወንጌላውያን ተማሪዎች (ኢቫሱ) ኅብረት ልጅ ነው፤ ሻንጣ ይቀበላል፣ ዶርም ያሳያል፣ እሑድ ና ይላል። ግቢ ጉባኤን የሚያስተባብረው ማኅበረ ቅዱሳን ራሱ ከእንዲህ ያለ ብቸኝነት የበቀለ ነው። በ1983 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለጦር ሥልጠና ወደ ብላቴ ተወሰዱ፤ ጦርነቱ ወዴት እንደሚወስዳቸው ሳያውቁ በሠፈሩ ውስጥ ለጸሎት የተሰባሰቡት ልጆች በኋላ ማኅበሩን ከመሠረቱት መካከል ናቸው።

ሆኖም እነዚህ ኅብረቶች ያልደፈኑት ገደል አለ። በ1994 ዓ.ም. ቴፒ ላይ ደም ፈሰሰ። በ2004 ዓ.ም. ከጉራፈርዳ ብዙ ሰፋሪ ተፈናቀለ፤ በ2013 ጥቅምት እዚያው ጉራፈርዳ ሰው በቤቱ ተገደለ። ገዳይም ሟችም ክርስቲያን የሆኑበት ጊዜ ነበር። አንድ አጥቢያ ውስጥ የሚዘምሩ ሰዎች ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በብሔር ሲከፋፈሉ የእሑዱ ወንድምነት አልያዛቸውም። ከጎሣህ ለሆኑት ብቻ የሚዘረጋ ማዕድ ከገባር ዘመኑ ደወል የሚለይበትን ነገር ለማየት እቸገራለሁ። አዲሱ የደቡብ ምዕራብ ክልል ኅዳር 2014 ላይ ሲመሠረት ብዙ ተስፋ ተደርጎበታል፤ የክልል ወሰን ግን ማን ከማን ጋር ማዕድ እንደሚቆርስ አይወስንም።

በቡና እርሻዎቹ ዙሪያ ላሉ አጥቢያዎች ሽማግሌዎችና ሰበካ ጉባኤዎች የምለው አለኝ። እድሩም ማኅበሩም የሚቆመው በመዋጮና በቋሚ ነዋሪነት ነው። ለቃሚው ግን ለሦስት ወይም ለአራት ወር መጥቶ የሚሄድ ነው፤ መዝገብ ላይ ስሙ የለም፣ የወር መዋጮ አልከፈለም። በወባ ሲሞት ማን እንደሚቀብረው የሚወሰነው ከሞተ በኋላ፣ ሬሳው እየጠበቀ ነው። ማኅበራቱ በእሸት ወቅት ለወቅቱ ብቻ የሚሆን መዝገብ ቢከፍቱ፣ የመጣውን ለቃሚ ስሙን፣ አገሩን፣ የሚጠራለትን ዘመድ ስልክ ጽፈው ቢይዙ፣ ከለቃሚው ደመወዝ ሳይሆን ከአጥቢያው መባ የቀብሩን ወጪ ቢመድቡ የሚከብዳቸው አይመስለኝም። የወላይታ አጥቢያዎች በድህነታቸው ወንጌላዊ ከነቤተሰቡ ችለው ልከዋል። መዝገቡ ለቀማው ከመጀመሩ በፊት መከፈት አለበት።